የተበደለም ይበድላል
ለብዝኃነትና ለአካቶ ትግበራ ባለሙያዎች በቦንጋ የቀረበ ዲስኩር



ዛሬ የምናገረው ስለ እኛው፣ ስለ ባለሙያዎቹ ነው። ሥራችን ሌላውን መምከር ነው። ኃላፊውን ስለ ሴቶች ተሳትፎ፣ መሐንዲሱን ስለ ተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ፣ የቅጥር ኮሚቴውን ስለ አድልዎ እንመክራለን። የክትትል ቅጻችን በሌሎች ጉድለት የተሞላ ነው። ይህን ሥራ ለዓመታት የያዘ ሰው ዓይኑ ወደ ውጭ ብቻ ማየት ይለምዳል። አበው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ በደልን ማወቅ ከመበደል አያድንም። በአድልዎ የተጎዳ ሰው ያዳላል። ስለ አድልዎ የሚያስተምር ሰውም ያዳላል። አድልዎን እንዲከላከል ደመወዝ የሚከፈለው ሰውም እንዲሁ ያዳላል፤ ብዙ ጊዜም ሳያውቀው። ስለዚህ ራስን መመርመር ለእኛ የትርፍ ጊዜ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። ሐኪም ታካሚውን ከመንካቱ በፊት እጁን እንዲታጠብ የሚገደደውን ያህል፣ እኛም ሰው ፊት ከመቆማችን በፊት ራሳችንን የማየት ግዴታ አለብን።

ይህን እዚህ፣ ካፋ ምድር ላይ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ አገር ታሪክ ሁለት ገጽ አለው። ሁለቱንም አንድ ላይ ያነበበ ሰው የምለውን ነገር ከማንም በላይ ይረዳዋል።

የመጀመሪያውን ገጽ ሁላችንም እናውቀዋለን። ካፋ የራሱ ንጉሥ፣ ከንጉሡም ጋር የሚመክሩ ሰባት ሚክሬቾ የነበሩት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ ያ ሥርዓት ፈረሰ። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በተከተለው የባሪያ ፍንገላ ሕዝቡ ተመናመነ፤ የተረፈውም በገዛ መሬቱ ላይ ገባር ሆነ። የሕዝቡ ቋንቋ ካፊኖኖ ከመንግሥት ደጃፍ ወጣ። በኋላም ክፍለ ሀገሩ ካፋ ቢባልም ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የካፋ ዞን በደቡብ ክልል ሥር ሲተዳደር፣ የቦንጋ ሰው ለአንድ ፊርማ ሐዋሳ ድረስ መጓዝ ነበረበት። እዚያ ደርሶ «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት አይመስለኝም። ራቅ ካለ ቦታ የመጣ፣ አነጋገሩ የተለየ፣ ዘመድ የሌለው ባለጉዳይ መሆን ምን እንደሚመስል ካፋ ያውቃል።

ሁለተኛው ገጽ ይከብዳል፤ ግን እሱንም እናንብበው። ያ የተበደለ ሕዝብ በገዛ ጓዳው ሌላውን ሕዝብ በድሏል። መንግሥቱ ራሱ ባሪያ ነበረው። የማንጆ ማኅበረሰብ ደግሞ ያው ቋንቋ የሚናገር፣ በዚያው ጫካና በዚያው ዝናብ የሚኖር፣ ለቦንጋ ማገዶና ከሰል የሚያቀርብ ሆኖ ሳለ እንደ ሰው አልተቆጠረም። በጥንቱ ሥርዓት የማንጆ ሰው ከሌላው ካፋ ቤት አይገባም፤ ከአንድ ገበታ አይቆርስም፤ ጋብቻማ የማይታሰብ ነው። የሚቀመስ ነገር ቢሰጠው ለብቻው በተለየ ዕቃ ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ የዱር አውሬ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነበር። ቡናን ለዓለም ባበረከተ ምድር ላይ ሲኒ የሰው መለያ ሆነ። ይህ ነገር ዛሬ ቀንሷል፤ ጠፍቷል የሚል ግን ካለ የገበያ ቀን ከከተማ ወጣ ብሎ ይይ።

ይህ የካፋ ብቻ ነውር አይደለም። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት መጽሐፍ በደቡቡ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩና አዳኙ ከማኅበረሰቡ ጠርዝ ላይ እንዴት እንደኖሩ በየአካባቢው ያሳያል። ወደ ሰሜንም ስንሄድ «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ፋቂ» የሚሉት ስድቦች በባለ እጅ ላይ ይወርዱ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። ሕግ አፍን ሊዘጋ ይችላል። እጅ ለማን ሲኒ እንደሚያቀብልና እግር ከማን ቤት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ከልጅነት ጀምሮ የተማርነው ነው፤ እሱን ማንም በአዋጅ አይሽረውም። የተማረው ሰው ራሱ ነው አይቶ የሚሽረው።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤታችን ልግባ።

መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ቢሮዎቹ በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በተርጫና በቴፒ ተከፋፍለው ሥራ ጀመሩ። በአንድ ጊዜ ቦንጋ ከዞን ከተማነቷ በተጨማሪ የክልል መቀመጫ ሆነች። በአንድ ቢሮ ውስጥ ካፋው፣ ቤንቹ፣ ሸኮው፣ ሸካው፣ ዳውሮው፣ ኮንታው፣ ሜኤኒቱ፣ ዲዚው ጎን ለጎን ጠረጴዛ ያዙ። ከሰሜንና ከመሀል አገር መጥተው እዚሁ የወለዱ፣ ከከምባታና ከሌላም አካባቢ መጥተው በውሽውሽ ሻይ ልማት የሚሠሩ፣ በዩኒቨርሲቲው የሚያስተምሩ አሉ። በዞኑ ውስጥ ደግሞ እንደ ጫራና ናኦ ያሉ፣ ስማቸው በስብሰባ ላይ እምብዛም የማይነሣ ሕዝቦች አሉ።

ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ፈተናውም የዚያኑ ያህል ነው። ትናንት ሐዋሳ ሄዶ «ነገ ተመለስ» የተባለው ሰው ዛሬ ፊርማው በእጁ ነው። ከሱሪ፣ ከጫራ፣ ከኮንታ ረጅም መንገድ ተጉዞ ቦንጋ የሚደርስ ባለጉዳይ አለ። ያ ባለጉዳይ ዛሬ ከእኛ ምን ይሰማል? የትናንቱ ቁስላችን ለእርሱ ርኅራኄ ሆነን ወይስ «እኛም እንዲህ ተደርገናል» የምንልበት ምክንያት? የብዝኃነት ሥራ በዚህ ክልል የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው።

አንድ ኮሪደር ላሳያችሁ። ረፋድ ላይ ነው። በአግዳሚው ወንበር ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ተቀምጠዋል፤ ለአራተኛ የሚሆን ቦታ አለ። አንድ ጎልማሳ ግን ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ማመልከቻው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሏል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሁለት ሰዎች ገብተው ወጡ፤ እርሱ አላጉረመረመም። አትቀመጥ ያለው የለም። ተቀመጥ ያለውም የለም። እርሱን ያቆመው ልጅ ሳለ የተማረው ትምህርት ነው። የተቀመጡትም ጠጋ ጠጋ ያላሉት ልጆች ሳሉ በተማሩት ነው። በዚያ ኮሪደር የእኛ ባለሙያ በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። ያንን ሰው አየው? ካየውስ «አባቴ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ» ብሎ ከጎኑ ቁጭ አለ? በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ላይ ይህ ነገር የሚጻፍበት ሣጥን የለም። ለእኔ ግን የባለሙያው ብቃት የሚታየው እዚያ ነው።

ለምን አናይም? ሰው ክፉ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚህ ላይ በሌላው ዓለም የተሠሩ ጥናቶች የሚያስተምሩን አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤሚሊ ፕሮኒን፣ ዳንኤል ሊንና ሊ ሮስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ስለ የተለያዩ የአድልዎ ዓይነቶች ጠየቁ። አብዛኛው ሰው «ይህ በሌሎች ላይ አለ፤ በእኔ ላይ ግን ያነሰ ነው» አለ። ስለዚህ ዝንባሌ ራሱ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ መልሳቸውን ያልቀየሩ ብዙዎች ነበሩ። ስለ አድልዎ ማወቅ የራስን አድልዎ ማየት ማለት አይደለም። ይህ ለእኛ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የእኛ ሀብት ያው ዕውቀት ነውና።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ወደ እኛ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቤንዋ ሞኒንና ዴል ሚለር ያሳተሙት ነው። ሰዎች መጀመሪያ ሴቶችን ዝቅ የሚያደርጉ አባባሎችን የሚቃወሙበት ዕድል ተሰጣቸው። ተቃወሙ። ቀጥሎ የወንድ ተደርጎ ለሚታይ አንድ የሥራ መደብ ማን ይሻላል ተብለው ሲጠየቁ፣ ቀድመው የተቃወሙት ሰዎች ዕድሉ ካልተሰጣቸው ይልቅ «ወንድ ይሻላል» ለማለት ደፈሩ። ደግነታቸውን አስመዝግበዋልና ልባቸው ተዝናና። እስኪ የእኛን ወንበር አስቡት። በራችን ላይ የተጻፈው የሥራ መጠሪያ፣ ያዘጋጀናቸው ሥልጠናዎች፣ ማርች 8ን ያከበርንባቸው ዓመታት፣ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ደግነታችንን የሚመሰክሩ ማኅተሞች ናቸው። ብዙ ማኅተም ያለው ሰው ራሱን የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሙያችን ላይ የሚመጡ ሦስት ፈተናዎችን ላንሣ።

አንደኛው የስም ፈተና ነው። «እኔ የአካቶ ባለሙያ ነኝ» የሚለው ስም ስህተት የማይነካን ያስመስለናል። ሰው ሲወቅሰን «እኔን?» ብለን እንቆጣለን። ከሌላው የምንጠብቀውን ጆሮ ለራሳችን ወቃሽ እንነፍጋለን።

ሁለተኛው የቁስል ፈተና ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ ሥራ የገባነው ራሳችን የተገፋን ስለሆንን ነው፤ በጾታችን፣ በአካል ጉዳታችን፣ በብሔራችን፣ በአነጋገራችን። ቁስል ብዙ ያስተምራል። ሁሉንም ግን አያስተምርም። በጾታዋ የተገፋች ሴት ኃላፊ የጽዳት ሠራተኛዋን ስም ላታውቅ ትችላለች። በብሔሩ የተገፋ ወንድ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከቢሮ መምጣቷን ይረሳል። የካፋ ሰው ስለ 1897 ሲያወራ እንባው ይመጣል፤ ስለ ማንጆ ጎረቤቱ ሲጠየቅ ዝም ይላል። የራስን በደል ከሌላው በደል ጋር ማስተካከል ከባድ ነው። ቢሆንም ከዚያ ያነሰ ነገር ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ሦስተኛው የሪፖርት ፈተና ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት በመቶው ሴት ነው፣ ስንት መድረክ ተዘጋጀ። ቁጥር ያስፈልጋል፤ አልክድም። ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ በአሜሪካ ከ800 በላይ ድርጅቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጽሑፍ ግን ሠራተኛን አስገድዶ ማሠልጠን የሥራ አመራሩን ስብጥር ብዙም እንደማይለውጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ቂም እንደሚያተርፍ ያሳያል። ለውጥ ያመጣው አንዱ ሌላውን እየያዘ ማብቃቱና ኃላፊዎች ለውጤቱ ተጠያቂ መሆናቸው ነው። ማለትም በሰው ለሰው ግንኙነት ነው ነገሩ የሚነቃነቀው። ያን ግንኙነት የሚጀምረው ባለሙያ ራሱ ግንኙነት የሌለው ከሆነ፣ ሥልጠናው ቢበዛ የአበል ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ «ራስን መመርመር እኮ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግምገማ ለምደናል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሂስና ግለ ሂስ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ የኖረ ነው። ከእሱም የተማርነውን እናውቃለን። ሰው በተሰበሰበበት፣ ደረጃ በሚሰጥበት፣ ዕድገትና ዝውውር በሚወሰንበት መድረክ ላይ ማንም እውነተኛ ጉድለቱን አያወጣም። «ትዕግሥት ይጎድለኛል»፣ «የኮምፒውተር ችሎታዬን ማሻሻል አለብኝ» እንል ነበር። ማንንም የማይነካ፣ ማንንም የማያስጠይቅ ጉድለት መርጠን እናቀርባለን። ሌላውን ስንሂስ ደግሞ የቆየ ቂም እናወራርዳለን። እኔ የምለው ራስን መመርመር ከዚህ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ተመልካች የለውም። ነጥብ አይሰጥበትም። ጥያቄው ደግሞ «ምን ይጎድለኛል?» ከሚለው ይልቅ «በእኔ ምክንያት ማን ጎደለበት?» የሚል ነው። የጉድለቱ ልክ የሚታወቀው በተጎዳው ሰው በኩል ነው።

ይህን በአንድ የቃለ መጠይቅ ክፍል እንየው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቅጥር ነው። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ከጎን የእኛ ባለሙያ በታዛቢነት አለ። ከዴቻ ወረዳ የመጣች ወጣት ገባች። የጽሑፍ ፈተናዋ ጥሩ ነው። አፏን የፈታችው በካፊኖኖ ስለሆነ አማርኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ መልሱን ከመናገሯ በፊት ታስባለች። ቅጹ ላይ «የመግባባት ችሎታ፣ 10 ነጥብ» የሚል አለ። አንዱ ፈታኝ 5 ጻፈ። ቀጥሎ የገባው ወጣት አማርኛው ፈጣን ነው፤ ቀልድም ጣል አደረገ። 9 ተጻፈለት። ሁለቱም ከወጡ በኋላ ሰብሳቢው «ልጅቷ ትንሽ ዓይን አፋር ናት» አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። መዝገብ ቤት ውስጥ ሥራው ፋይልን በትክክል ማስቀመጥና ባለጉዳይ ሲመጣ ፈልጎ ማውጣት ነው። የሚመጣው ባለጉዳይ ከግማሽ በላይ ካፊኖኖ ተናጋሪ ቢሆን የመግባባት ችሎታ ያለው ከሁለቱ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ በዚያ ሰዓት መጠየቅ የነበረበት ታዛቢው ነው። ዝም ካለ፣ ዝም ያለው ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ «ዓይን አፋር» የሚለው ቃል ለእርሱም ትክክል መስሎ ስለተሰማው ነው። እርሱም ፈጣን አማርኛን ከብልህነት ጋር አብሮ ነው የተማረው።

ለዚህ መድኃኒቱ ከልብና ከአሠራር አብሮ ይመጣል። ኤሪክ ኡልማንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሙከራ መቀጠር ያለበትን ሰው የሚመርጡ ሰዎች መመዘኛውን ለፈለጉት ዕጩ እንደሚመች አድርገው እንደሚያዞሩት አሳይቷል። ለፖሊስ አዛዥነት ወንዱ የተማረ ሲሆን «ትምህርት ዋና ነው» ይላሉ፤ ወንዱ ያልተማረ ሲሆን ትምህርቱ ይቀልባቸዋል። ዕጩዎቹን ሳያውቁ በፊት ግን የትኛው መመዘኛ እንደሚበልጥ እንዲወስኑ ሲደረግ አድልዎው ጠፋ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ቅጹ ከሥራው ጠባይ ተነሥቶ አስቀድሞ ይጻፍ፤ «የመግባባት ችሎታ» ማለት ከማን ጋር፣ በምን ቋንቋ፣ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብራራ። ራሱን የሚያውቅ ባለሙያ በራሱ ፍርድ ላይ ብቻ አይተማመንም። ለራሱ አጥር ያጥራል።

ሕጉን በተመለከተ አጥሩ በከፊል ታጥሮልናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 እኩልነትን፣ በአንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ደንግጓል። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ የማመቻቸት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት ማዳላትን ይከለክላል፤ ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። እነዚህን በቃል የሚያውቅ ባለሙያ ብዙ ነው። በራሱ ቢሮ ከወሊድ የተመለሰች ባልደረባ ጡት ለማጥባት ወጣ ስትል ሰዓቱን የሚያየው ባለሙያም እንዲሁ አለ። አንቀጹን የሚያውቀው አእምሮ ነው፤ ሰዓቱን የሚያየው ልማድ ነው። የምንታገለው ከዚህ ልማድ ጋር ነው።

ታዲያ እንዴት እንጀምር? ከልምድ የተነሡ አምስት ነገሮችን ልተውላችሁ።

መጀመሪያ፣ ማንም የማያየው ማስታወሻ ያዙ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ይሁን፣ አንድ ገጽ ጻፉ። በዚህ ሳምንት የማንን ንግግር አቋረጥኩ? በማን ላይ የተቀለደውን ቀልድ ሳቅሁበት? ወደ ቢሮዬ የማይመጣው ማን ነው? ለምን አይመጣም? ስም ጻፉ። ስም የሌለው ጸጸት ነገ ይረሳል።

ሁለተኛ፣ እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው ፈልጉ፤ ያ ሰው ከእናንተ በደረጃ ከፍ ያለ አይሁን። አለቃ የሚያየው ፊታችንን ነው። ጥበቃው፣ ጸሐፊዋ፣ ተላላኪው ጀርባችንን ያያሉ። እንዲነግሯችሁ ግን አስቀድማችሁ አንድ ጊዜ ሳትቆጡ መስማት አለባችሁ። ያን ቀን ከተቆጣችሁ ሁለተኛ አይነግሯችሁም። ደግሞ የማንጆ ተወላጅ ባልደረባ ያለው ሰው ያንን ባልደረባ የማንጆ ጉዳይ አስተማሪው አያድርገው። እርሱ ለመሥራት ነው የተቀጠረው። የሚያስተምረን ካለ በፈቃዱ ያስተምረን። ካልሆነ መጽሐፍ አለ፤ ጆሮና ዓይንም አለ።

ሦስተኛ፣ እግራችሁን ታዘቡ። ማንን ልቅሶ ትደርሳላችሁ? የማን ሠርግ ላይ ትገኛላችሁ? ረፋድ ላይ ጀበና ሲወጣ ከእነማን ጋር ትቀመጣላችሁ? በዚህ ከተማ ቡና የማይጠጣ የለም፤ ሁልጊዜ ከእነዚያው ከአራቱ ጋር የሚጠጣ ግን ብዙ ነው። ዕድራችሁ ውስጥ የሌለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። አንደበታችን ስለ እኩልነት ከተናገረው ይልቅ እግራችን የሄደበት ቦታ ስለ እኛ ይበልጥ ይመሰክራል።

አራተኛ፣ ቋንቋ ተማሩ። ከሌላ አካባቢ መጥቶ በቦንጋ የሚሠራ ባለሙያ የካፊኖኖ ሰላምታ ሳያውቅ ዓመት ማለፍ የለበትም። ካፊኖኖ ተናጋሪውም የቤንችኛ፣ የዳውርኛ፣ የሸክኛ ሰላምታ ይማር። የምልክት ቋንቋም እንዲሁ፤ መስማት የተሳናት ባለጉዳይ ስትመጣ ወንድሟን አስተርጓሚ ካላመጣች ጉዳይዋ የማይሰማ ከሆነ፣ እርሷ በራሷ ጉዳይ ላይ ባለቤት አይደለችም ማለት ነው። ቋንቋ መማር ለሙያ ዕድገት የሚጠቅመው በአንድ ሌላ ምክንያትም ነው። ቋንቋ የሚማር አዋቂ ሰው ይኮላተፋል፤ ይሳቅበታል፤ ቃል ይጠፋዋል። ከዴቻ የመጣችዋ ወጣት ቃለ መጠይቅ ክፍል ውስጥ የተሰማትን በገዛ ምላሱ ይቀምሰዋል። ይህን ማንም ሥልጠና አይሰጠውም።

አምስተኛ፣ ከቤታችሁ ጀምሩ። ቤት ውስጥ ከምታግዘን ልጅ ጋር በአንድ ገበታ እንበላለን? ማታ ትማራለች? ልጆቻችን ፊት ስለ የትኛው ብሔር ምን እንላለን? ሕፃን የሚማረው ከዲስኩራችን አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ለማን የትኛው ሲኒ እንደሚወጣ አይቶ ነው። የማንጆን ልጅ ከሌላው ልጅ ያራቀው ትምህርት እንዲሁ ነው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው። የሚቆመውም እዚያው በጓዳ ነው።

እነዚህን ስል አንድ ስህተት እንዳይገባን እፈልጋለሁ። ራስን መመርመር ራስን መጥላት አይደለም። ጸጸቱን እያሳየ ሌላው እንዲያጽናናው የሚጠብቅ ባለሙያ የተበዳዩን ጊዜ እንደገና ይሻማል። ራስን መመርመር ሥርዓትን መለወጥን የሚተካ ነገርም አይደለም። የኮሪደሩ ሰውዬ የሚፈልገው የእኛን ንጹሕ ልብ ብቻ አይደለም። ተራው እንዲደርሰው፣ ማመልከቻው እንዲነበብ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ከሌላው ልጅ ጋር በአንድ ወንበር እንዲቀመጥ ይፈልጋል። ለዚህ ደንብ፣ በጀትና የኃላፊ ቁርጠኝነት ያስፈልጋል። እኔ የምለው ያንን ደንብ የሚያስፈጽመው ሰው ራሱን ካላየ፣ ደንቡ እንደ 1900ው አዋጅ ከመቶ ዓመት በኋላም ገና ያልደረሰ ይሆናል ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት ሲመዘግብ፣ ዓለም ይህን ምድር ያየው በብዝኃ ሕይወቱ ነው። የጫካ ቡናው በብዙ ዓይነት ዘር መኖሩ ለመላው ዓለም ቡና ዋስትና እንደሆነ ተመራማሪዎች ይመሰክራሉ። በዚህ የምንኮራ ሕዝብ በሰዎቻችን ልዩነትም ልንኮራ ይገባናል። ኩራቱ ግን በባነር አይገለጥም፤ በአሠራራችን ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ክልል ገና ወጣት ነው። የመሥሪያ ቤት ባህል የሚተከለው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ነቅሎ መጣል የትውልድ ሥራ ይሆናል። ዛሬ ባለጉዳይ እንዴት እንደሚስተናገድ፣ ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ እኛ የምናስለምደውን ነገር ከእኛ በኋላ የሚመጡት «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለው ይቀበሉታል። የተበደለ ሕዝብ ልጆች ሆነን በደልን ያላወረስን የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች የመሆን ዕድል በእጃችን ነው። ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሁለት ነገር እንድታደርጉ አደራ እላለሁ። በመጪው ዓርብ ያችን አንድ ገጽ ጻፉ። ሰኞ ደግሞ በገጹ ላይ ስሙን ከጻፋችሁት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ጉዳዩን ጀምሩ።